በጥቂት ውሃ ያማረ ግቢ፤ ከናይሮቢ ከተማ የሚገኝ ትምህርት

የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ ስሟን ያገኘችው ከውሃ ነው። በማሳይ ቋንቋ «ኤንካሬ ናይሮቢ» ማለት «ቀዝቃዛ ውሃ» ማለት ሲሆን፣ ቀድሞ ማሳዮች ከብቶቻቸውን ያጠጡበት የነበረው ረግረጋማ ሥፍራ በ1899 የኡጋንዳ የምድር ባቡር ሠራተኞች ሰፍረውበት የከተማ መሠረት ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን፣ ወራቱ ግን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።) ከተማይቱም በመንገዶቿ ዳርና በቤቶቿ ግቢ ከሚታዩት ዛፎችና አበቦች የተነሣ «አረንጓዴይቱ የፀሐይ ከተማ» የሚል ቅጽል ስም ተሰጥቷታል።

ይሁን እንጂ አረንጓዴ ነገር ሁሉ ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃውም በናይሮቢ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። የከተማዋ የቧንቧ ውሃ አብዛኛው የሚመጣው በስተሰሜን ከሚገኙት ከአበርዴር ተራሮች ነው። በሙራንጋ አውራጃ ያለውና በ1994 የተፈጸመው የንዳካይኒ ግድብ 70 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ሳሱሙዋና ሩይሩ የሚባሉት ግድቦች፣ የኪኩዩ ምንጮችም ድርሻቸውን ያዋጣሉ። የከተማዋ ሕዝብ ግን በ2019 በተደረገው ቆጠራ 4,397,073 ስለ ደረሰ አቅርቦቱና ፍላጎቱ ሊመጣጠኑ አልቻሉም። ስለዚህ ከ2017 መጀመሪያ ወዲህ የከተማው የውሃና የፍሳሽ ኩባንያ ውሃውን ለየሰፈሩ በፈረቃ ሲያድል ቆይቷል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስም አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ያለ በቂ ዝናብ ባለፉ ጊዜ፣ ኬንያና ጎረቤቶቿ ሁሉ በድርቅ ተጨንቀው ነበር።

እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ የቤትን ደጅ በተክል ማስጌጥ ተገቢ ነውን? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው። ግቢን ራቁቱን መተው ግን መፍትሔ አይሆንም። ባዶ መሬት በበጋ አቧራ ይሆናል፤ በዝናብ ጊዜ አፈሩ ይታጠባል። በሲሚንቶ የተደፈነ ግቢም ሙቀቱን ወደ ቤት ይመልሳል፤ የዝናቡንም ውሃ በሙሉ ወደ መንገድ ይለቅቃል። በ2024 በሚያዝያ ወር ናይሮቢን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ውሃ የሚሰርግበት መሬት ለከተማ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ አሳይቷል። እንግዲህ የሚያሻው ተክልን መተው ሳይሆን፣ የሰውን የመጠጥ ውሃ የማይሻማ ተክል መርጦ በሥርዓት መትከል ነው።

የሣሩ ሒሳብ

በናይሮቢ ግቢዎች በብዛት የሚታየው ሣር በአካባቢው ሕዝብ ስም የኪኩዩ ሣር ይባላል። መነሻው ዝናብ የማይጓደልበት የምሥራቅ አፍሪቃ ደጋ ሲሆን፣ ከዚያ ተነሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪቃ፣ እስከ አውስትራሊያና እስከ ካሊፎርኒያ ደርሷል። ሲረግጡት የሚለሰልስ፣ ቶሎ የሚስፋፋ፣ ለዓይንም የሚያምር ሣር ነው። ነገር ግን በደረቁ ወራት ዘወትር አረንጓዴ ሆኖ እንዲታይ ከተፈለገ ብዙ ውሃ ይጠጣል።

ሒሳቡን ማንም ሰው በቀላሉ ሊያሰላው ይችላል። በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማፍሰስ ማለት 1 ሊትር ማፍሰስ ማለት ነው። በጥርና በየካቲት ፀሐይ አንድ የሣር መስክ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ያህል ቢጠጣ፣ 200 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው መስክ በየቀኑ 800 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 40 ጊዜ ተሞልቶ የሚፈስስ ውሃ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ሰው ለመጠጥና ለግል ንጽሕና በቀን ቢያንስ 20 ሊትር ያህል እንደሚያስፈልገው ስለሚገልጽ፣ አንዱ የሣር መስክ በቀን የሚጠጣው ለ40 ሰዎች የሚበቃውን ነው። በሁለቱ ደረቅ ወራት ድምሩ 48,000 ሊትር ይደርሳል።

ይህ ሒሳብ በናይሮቢ ከቁጥርነት ያለፈ ትርጉም አለው። እንደ ኪቤራና እንደ ማታሬ ባሉት ሰፈሮች ብዙ ሰዎች ውሃን በጀሪካን እየገዙ ይጠቀማሉ። እንደ ካረን፣ እንደ ሩንዳና እንደ ሙታይጋ ባሉት ሰፋፊ ግቢዎች ባሉባቸው ሰፈሮች ደግሞ ብዙ ቤቶች የራሳቸውን ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ አስቆፍረዋል ወይም ውሃ በቦቴ ያስመጣሉ። የጉድጓዱ ውሃ ግን ማለቂያ የሌለው ሀብት አይደለም። በከተማዋ ሥር ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀ ሄዷል፤ በብዙ ሥፍራም ጥርስን የሚጎዳው የፍሎራይድ መጠን ከፍ ያለበት ነው። በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በ43ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሰው ንጹሕና በቂ ውሃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ ሣርን በንጹሕ ውሃ ማጠጣት የባለቤቱ የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም።

ሣሩ ፈጽሞ ይነቀል ማለት ግን አይደለም። ልጆች የሚጫወቱበትና ሰው የሚቀመጥበት 40 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ቢተው፣ በቀን የሚጠጣው 160 ሊትር፣ በ60 ቀንም 9,600 ሊትር ይሆናል። ይህን ያህሉን ደግሞ ከጣሪያ ላይ ማግኘት እንደሚቻል ወደ ኋላ ይገለጻል። ከዚህም በቀር የኪኩዩ ሣር በበጋ ውሃ ባጣ ጊዜ ቡናማ ይሆናል እንጂ ቶሎ አይሞትም፤ ሥሩ ተኝቶ ይቆይና ዝናብ ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሰርዶም እንዲሁ ነው። በየካቲት ወር የደረቀ መስሎ የሚታይ ሣር ባለቤቱን ሊያሳፍረው አይገባም።

ዝናቡንና አፈሩን ማወቅ

ውሃ የሚቆጥብ ግቢ አሠራር በተለየ ስም ተጠርቶ የታወቀው በ1981 በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት ነው። የዴንቨር ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት «ደረቅ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ወስዶ «ዜሪስኬፕ» የሚል ስም አወጣለት። ትምህርቱም በአጭሩ፦ አስቀድሞ ዕቅድ ማውጣት፣ አፈርን ማሻሻል፣ ሣርን መቀነስ፣ ለአገሩ አየር የሚስማማ ተክል መምረጥ፣ አፈርን መሸፈን፣ ውሃን በቁጠባ ማጠጣትና ተክልን መንከባከብ ነው። ይህ ትምህርት በናይሮቢ ሲሠራበት ግን የዚያን አገር ዝናብና አፈር መከተል ይኖርበታል።

ናይሮቢ በረሃ አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ዝናብ ታገኛለች። ችግሩ ዝናቡ በሁለት ወቅት ተከማችቶ መዝነቡ ነው። ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ደግሞ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ይዘንባል። ጥርና የካቲት ሞቃትና ደረቅ ናቸው። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በኢትዮጵያ ክረምት በሚሆንበት ጊዜ፣ ናይሮቢ በደመና ተሸፍና ትቀዘቅዛለች እንጂ እምብዛም አይዘንብባትም። ስለዚህ ችግኝ የሚተከልበት ጊዜ በሚያዝያ ዝናብ መጀመሪያ ወይም በጥቅምት መጨረሻ ነው። በዝናብ መጀመሪያ የተተከለ ችግኝ በጋው ሳይደርስበት ሥሩን ወደ ታች ይሰድዳል፤ በጥር የተተከለ ግን ባለቤቱን የውሃ ባሪያ ያደርገዋል።

አፈሩም ሁለት ዓይነት ነው። በከተማዋ በምዕራብና በሰሜን በኩል ጥልቅ የሆነና ውሃን በደንብ የሚያሰርግ ቀይ አፈር ይገኛል። በምሥራቅና በደቡብ በኩል፣ ወደ ኤምባካሲና ወደ አቲ ሜዳ አቅጣጫ፣ መሬቱ ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ውሃ አቁሮ የተክልን ሥር ያበሰብሳል። እንደ እሬት ያሉ ውሃ በቅጠላቸው የሚያከማቹ ተክሎች ድርቅን ቢችሉም የቆመ ውሃን አይችሉም። ዋልካ ባለበት ግቢ መደቡን ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ በድንጋይ መደገፍ፣ አፈሩንም ከጠጠርና ከደረቀ ፍግ ጋር መቀላቀል ያስፈልጋል።

ለደረቁ ወራት የሚስማሙ ተክሎች

በናይሮቢ ለግቢ የሚሆኑት ተክሎች ከሩቅ የሚመጡ ብቻ አይደሉም። የምሥራቅ አፍሪቃ ቆላና ወይና ደጋ በእሬት፣ በቁልቋልና በመሳሰሉት ውሃ ቆጣቢ ተክሎች እጅግ የበለጸገ ነው። በዛሬው የናይሮቢ ብሔራዊ ሙዚየም፣ በዚያን ጊዜ ኮሪንደን ይባል በነበረው ቤተ መዘክር፣ ከ1938 እስከ 1958 የእጽዋት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ስዊሳዊው ፒተር ባሊ እነዚህን ተክሎች በየበረሃው እየዞሩ ሰብስበው አጥንተዋል። ዛሬም በዚሁ ሙዚየም ግቢ ያለው የእጽዋት ሥፍራ እንዲህ ያሉትን ተክሎች ለሕዝብ ያሳያል።

ለፊት ለፊት መደብ የመጀመሪያው ምርጫ እሬት ነው። የኬንያ እሬቶች ቀይና ብርቱካንማ አበባቸውን የሚያወጡት ብዙ ጊዜ ሌላው ተክል በደከመበት ወራት ስለሆነ፣ ግቢው በበጋም ቀለም አያጣም፤ የአበባ ወለላ የሚቀስሙ ትናንሽ ወፎችም ይመጡለታል። ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቆሞ የሚያድገውና ቃጫ የሚወጣበት ሳንሴቪዬራ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ሌላ ተክል በማይሆንበት ሥፍራ እንኳ ይበቅላል። ግንዱ ወፍራም፣ አበባው እንደ ጽጌረዳ ሐምራዊ የሆነው አዴኒየም ደግሞ ፀሐይ በሚበረታበት ጥግ፣ በማሰሮ ውስጥ ተተክሎ ያምራል። ነገር ግን እሬትን ከዱር ነቅሎ ማምጣት አይገባም፤ የዱር እሬቶች ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት ነው። በናይሮቢ እንደ ንጎንግ መንገድ ባሉ ጎዳናዎች ዳር ችግኝ የሚያፈሉ ብዙ ነጋዴዎች ስላሉ ከእነርሱ መግዛት ይቻላል።

ለአጥር የሚሆኑትን ኢትዮጵያዊ አንባቢ በቀላሉ ያውቃቸዋል። አጋም በእሾኹ ይከላከላል፤ ነጭ አበባው ይሸታል፤ ፍሬውም ይበላል። በናይሮቢ አጥሮች የታወቀው ኬይ አፕል የተባለው እሾኻም ተክል ከደቡብ አፍሪቃ የመጣ የኮሽም ዘመድ ነው። ክትክታ በኬንያም በኢትዮጵያም በደረቅ ኮረብታ ላይ የሚበቅል ሲሆን፣ እየተከረከመ ሲያድግ ጥቅጥቅ ያለ አጥር ይሆናል። ቅንጭብም ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ያለ ብዙ ድካም ይጸድቃል፤ ነጭ ወተቱ ግን ዓይንን ክፉኛ ስለሚጎዳ ልጆች በሚጫወቱበት ሥፍራ መትከል አይገባም።

ከዛፎች ወገን ወይራ በናይሮቢ ዙሪያ ባሉት ደኖች በተፈጥሮው የሚገኝ፣ በዝግታ የሚያድግ፣ ነገር ግን ዘመን የሚሻገር ዛፍ ነው። ቆርች ቅጠሉን አራግፎ በደረቁ ወራት በቀይ አበባ ይሸፈናል። በጥቅምት ገደማ የከተማዋን ጎዳናዎች በሐምራዊ ቀለም የሚያለብሰው ጃካራንዳ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ሥር ከሰደደ በኋላ ውሃ ልስጥህ አይልም። ቡጋንቪላም የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የናይሮቢ መናፈሻዎች ሹም የነበሩት ፒተር ግሪንስሚዝ በከተማዋ ጎዳናዎች ዳር ቡጋንቪላ በማስተከል ይታወቃሉ። የዚህ ተክል ጠባይ ለቆጣቢ ሰው እጅግ የተመቸ ነው፤ ውሃ ሲበዛለት ቅጠል ብቻ ያበዛል፤ ሲጠማ ግን አበባው ይደምቃል።

ድርቅን የሚችል ተክል ሁሉ ግን ደግ ነው ማለት አይደለም። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻም ዛፍ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በረሃን ለማልማት ተብሎ በባሪንጎ ሐይቅ አካባቢ ከተተከለ በኋላ የግጦሹን መሬት ወርሮ ያዘ፤ የአካባቢው ሰዎችም መንግሥትን እስከ መክሰስ ደረሱ። በአፋር ምድር የደረሰው ጉዳት ከዚህ የሚያንስ አይደለም። በአበባው ውበት ለአጥር ተብሎ የመጣው የወፍ ቆሎም ወፎች ፍሬውን እየበተኑለት ወደ ዱር ወጥቶ ሌላውን ተክል ያጠፋል። እንዲህ ያሉትን ከግቢ ማራቅ ብልህነት ነው።

አፈርን ማልበስና ውሃን በአግባቡ ማጠጣት

የተክሎቹ ሥፍራ በውሃ ፍላጎታቸው መጠን ይከፈል። ጎመን፣ ሽንኩርትና ጽጌረዳ የሚመስሉት ውሃ ወዳዶች ከወጥ ቤቱ አጠገብ በአንድ መደብ ይሁኑ። አጋምና ቡጋንቪላ የመሳሰሉት አልፎ አልፎ የሚጠጡት ከዚያ ራቅ ይበሉ። እሬትና ቁልቋል ደግሞ ከዝናብ በቀር ሌላ ውሃ በማይደርስበት በግቢው ዳር ይተከሉ። ሁሉም በአንድነት ተደባልቀው ከተተከሉ ለአንዱ ሲባል ሌላው ያለ ፍላጎቱ ይጠጣል፤ ውሃውም ይባክናል፤ እሬቱም ይበሰብሳል።

ባዶ አፈር በፀሐይ ፊት እንደ ተከፈተ እንስራ ነው፤ ውሃውን ለአየር ይሰጣል። ስለሆነም በተክሎቹ ሥር የደረቀ ሣር፣ የተከረከመ ቅጠል፣ የቡና ገለፈት ወይም ገለባ እስከ አራት ጣት ውፍረት መጎዝጎዝ ያስፈልጋል። ለእሬትና ለቁልቋል መደብ ከቅጠል ይልቅ ጠጠር ይመረጣል፤ እርጥብ ቅጠል ግንዳቸውን ስለሚያበሰብስ ነው። ጉዝጓዙ ግንዱን ሳይነካ ጥቂት ይራቅ። ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አረምንም ያስቀራል።

ማጠጣት የሚገባው በማለዳ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት ይልቅ በሳምንት አንድ ጊዜ አጥልቆ ማጠጣት ይሻላል። በየቀኑ የሚረጭለት ተክል ሥሩን ከላይ ስለሚዘረጋ አንድ ቀን ቢዘነጋ ይጠወልጋል፤ ጠልቆ የጠጣ ግን ሥሩን ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይሰድዳል። ለአዳዲስ ችግኞች ከታች በመርፌ የተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ በአጠገባቸው ቀብሮ መሙላት ርካሽ የጠብታ መስኖ ይሆናል። የልብስና የዕቃ እጣቢም ሳሙናው ያልበረታ ከሆነ ለዛፎችና ለአጥር ሊውል ይችላል፤ ጥሬውን ለሚበላ አታክልት ግን አይሁን።

የጣሪያው ውሃ

በቆርቆሮ የተከደነ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝ፣ በጣሪያው ላይ የሚወርደው ውሃ 90,000 ሊትር ነው። ከዚህ አምስተኛው በመፍሰስና በመትነን ቢጠፋ እንኳ 72,000 ሊትር ይቀራል። ይህም በጀሪካን ሲቆጠር 3,600 ነው። ባለ 10,000 ሊትር የፕላስቲክ ሮቶ በአሸንዳው ሥር ቢቆም፣ 125 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሞላዋል፤ ይህንንም በጥቅምትና በኅዳር ዝናብ ማግኘት ይቻላል። ቀደም ብሎ የተነገረው 40 ካሬ ሜትር የሣር መስክ በጥርና በየካቲት የሚፈልገው 9,600 ሊትር በዚህ አንድ ሮቶ ውስጥ አለ። ስለዚህ ግቢውን በአገሩ ተክል ያስጌጠና ሣሩን የቀነሰ ሰው የበጋውን ወራት ከቧንቧው አንዲት ጠብታ ሳይወስድ ሊያሳልፍ ይችላል።

አሸንዳው ከዝናቡ በፊት ከቅጠልና ከአቧራ ይጠረግ፤ የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን ቆሻሻ ስለሚያጥብ ወደ ሮቶው ሳይገባ ይፈስስ፤ የወባ ትንኝ እንዳይራባበትም ክዳኑ በወንፊት ይዘጋ። ሮቶ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ከአሸንዳው የሚወርደውን ውሃ በትንሽ ቦይ ወደ ዛፎቹ ሥር ቢመራው፣ መሬቱ ራሱ ጎተራ ይሆንለታል።

ለባለሥልጣንም ለገበሬም

በናይሮቢ ለዛፍና ለአረንጓዴ ሥፍራ መቆርቆር ትልቅ ታሪክ አለው። በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን የመሠረቱት ዋንጋሪ ማታይ በ1999 የካሩራን ደን ለቤት መሥሪያ ከመታደል ለማዳን ተጋድለዋል፤ በ2004ም የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀብለዋል። በደን ላይ የታየው ይህ ትጋት በየቤቱ ደጅም ሊደገም የሚችል ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ከተሞችም ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባም ውሃ በፈረቃ ሲታደል የኖረባቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው፤ በድሬዳዋና በመቀሌም የበጋው ፀሐይ የሚቀልል አይደለም። ከላይ የተዘረዘሩት እሬት፣ አጋም፣ ክትክታ፣ ወይራና ቆርች በየኮረብታው የሚገኙ የአገር ሀብት ናቸው። ችግኝ ጣቢያዎች እነዚህን አፍልተው ቢያቀርቡ፣ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶችም በራሳቸው ግቢ ተክለው ቢያሳዩ፣ ነዋሪው ከቃል ይልቅ በዓይኑ አይቶ ይማራል። በከተማ ዳር ያለ ገበሬም የአጥርና የእሬት ችግኝ እያፈላ ቢሸጥ ለእርሻው ተጨማሪ ገቢ ያገኝበታል።

ለመጀመርም ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በዚህ ዓመት የሣሩን መስክ በከፊል መቀነስ፣ በሚመጣው ዝናብ የአጥሩን ችግኝ መትከል፣ ከዚያም አሸንዳና ሮቶ ማቆም በቂ ነው። ሥራው በሦስት የዝናብ ወቅቶች ይፈጸማል፤ በሚቀጥለው በጋ ከግቢው የተረፈው ውሃም ለጎረቤት ጀሪካን ይተርፋል።